ሳላዲን ሰይድ በካይሮ፦ ልጆቻችን ከመሄዳቸው በፊት ሊሰሙት የሚገባ ታሪክ

 

በአየር ጤና አካባቢ በረመዷን ከዐስር ሰላት በኋላ ያለው ሰዓት የራሱ መልክ አለው። የሳምቡሳ ዘይት ይግላል፣ ተምር የጫኑ ጋሪዎች በመንገዱ ዳር ይደረደራሉ፣ ከሥራ የሚመለሰው ሰው ለመግሪብ ቤቱ ለመድረስ ይጣደፋል። በየመንደሩ ክፍት ቦታ ደግሞ ልጆች ኳስ ያባርራሉ። ብዙዎቹ ጾመኞች ናቸው። «ውኃ ይጠማችኋል፣ ተቀመጡ» ብንላቸው አይሰሙንም። በጀርባቸው ላይ የሰው አገር ክለብ የሚጫወቱ ሰዎች ስም ተጽፏል፤ በልባቸውም የተጻፈው ያው ነው።

ከእነዚህ ልጆችና ከአባቶቻቸው ሁለት ጥያቄዎች በየዓመቱ ይቀርቡልናል። ልጆቹ «ሼኻችን፣ ውጭ አገር በኳስ የሚተዳደር ሰው እንዴት ይጾማል?» ይሉናል። አባቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄን ውጭ ክለብ እናስገባልሃለን የሚሉ ሰዎች ገንዘብ ጠይቀውኛል፤ ልስጥ ወይ?» ይሉናል። ሁለተኛው ጥያቄ የቤት ካርታን፣ የእናት ወርቅንና የወንድም እቁብን የሚነካ ነው። ለሁለቱም መልስ የሚሆን አንድ የእኛው ሰው ታሪክ ስላለ ዛሬ እሱን ማንሳት ወደድን። ሰውየው የብሔራዊ ቡድናችን አጥቂ የነበረው ሳላዲን ሰይድ ነው።

የተዘጋው ሊግ

ሳላዲን ከቅዱስ ጊዮርጊስ ወደ ግብፁ ዋዲ ዴግላ የተዛወረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ዋዲ ዴግላ በዚያን ጊዜ ወጣት ክለብ ነበር፤ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2002 ሲሆን ወደ ግብፅ ፕሪምየር ሊግ ያደገውም ከአንድ ዓመት በፊት ነበር። ባለቤቱ በቤልጂየም ሊርስ የተባለውን ክለብም ይዞ ስለነበር ሳላዲን ለጥቂት ጊዜ በውሰት ወደዚያ ሄዶ ነበር። ለአንድ ኢትዮጵያዊ ተጫዋች ይህ ትልቅ በር ነው። የግብፅ ሊግ በአህጉራችን ደመወዝ ከሚከፍሉትና ስም ካላቸው ሊጎች አንዱ ነው።

በሩ በተከፈተ በወራት ውስጥ ግን ማንም ያላሰበው ነገር መጣ። ጥር 23 ቀን 2004 ዓ.ም. በፖርት ሰዒድ ከተማ በአል መስሪና በአል አህሊ መካከል የተደረገው ጨዋታ ሲያበቃ በተነሳው ሁከት ከ70 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሊጉ ወዲያው ቆመ፤ የዚያ ዓመት ውድድርም ተሰረዘ። ቀጣዩ ውድድር ከአንድ ዓመት በኋላ ያለ ተመልካች ተጀምሮ እሱም በአገሪቱ የፖለቲካ ቀውስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2013 ተቋረጠ። እንግዲህ አስቡት። አንድ ወጣት አገሩንና ቤተሰቡን ትቶ ለመጫወት ሄደ፤ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ሊጉ ሻምፒዮን ሳይኖረው ቀረ። የእሱ ጥፋት አልነበረም፤ የአሠልጣኙም አልነበረም። የሰው ልጅ ዕቅድ ከራሱ እጅ ውጭ በሆነ ነገር እንዲህ ይሰበራል።

በዚያው ሊግ፣ በዚያው ዓመት፣ አል ሙቃውሉን በተባለ ክለብ የሚጫወት ሌላ ወጣት ነበር፤ ስሙ ሙሐመድ ሳላህ ይባላል። ሊጉ ሲዘጋ የስዊዘርላንዱ ባዝል ከግብፅ ከ23 ዓመት በታች ቡድን ጋር የወዳጅነት ጨዋታ አዘጋጀ። ሳላህ ከእረፍት በኋላ ገብቶ ሁለት ግብ አገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ባዝል አስፈረመው። ከዚያ በኋላ የሆነውን በአየር ጤና ያለ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። አንድ የተዘጋ በር አንዱን ወደ አውሮፓ ሲገፋ ሌላውን በቦታው አስቀመጠው። ሪዝቅ የሚከፋፈለው በእኛ ሚዛን አይደለም የምንለው እንዲህ ያለውን አይተን ነው።

ሳላዲን ግን የሊግ ጨዋታ የለም ብሎ እግሩን አላሳረፈም። ሊጉ በቆመበት በዚያ ወቅት፣ ግንቦት 26 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ በደቡብ አፍሪካ ሜዳ ዋልያዎቹ አንድ እኩል ሲለያዩ የኢትዮጵያን ግብ ያስቆጠረው እሱ ነው። ከሳምንት በኋላ ሰኔ 3 ቀን አዲስ አበባ ላይ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ሁለቱም ግቦች የእሱ ነበሩ። በዚያው ዓመት መስከረም ሲጠባ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፈን ስንመለስ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ነበር። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን አንድ አንድ ግብ አግብተው 2 ለ 0 አሸነፍን፤ በሜዳው ውጪ ባገባነው ግብ ብልጫም አለፍን። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለስነው በዚህ መንገድ ነው። የሚፎካከርበት ሊግ የሌለው ሰው እግሩን ያልዘነጋው ለብቻው ሲለማመድ ማንም ሳያየው በተጋው ትጋት ነው። ጾመኛም ብቻውን ሲሆን ውኃ ለመጠጣት የሚከለክለው ሰው የለም፤ ትጋቱ የሚለካው በዚያች ሰዓት ነው።

የኔልስፕሩቱ ምት

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. የዚያች ምሽት ጨዋታ በየሻይ ቤቱ የታየ ነበር። በደቡብ አፍሪካዋ ኔልስፕሩት ከተማ ከዋንጫው ባለቤት ዛምቢያ ጋር ተገናኘን። በመጀመሪያው አጋማሽ ኢትዮጵያ ፍፁም ቅጣት ምት አገኘች። 31 ዓመት የጠበቀ ሕዝብ ትንፋሹን ያዘ። መቺው ሳላዲን ነበር፤ የዛምቢያው ግብ ጠባቂ ኬኔዲ ምዊኔ አዳነበት።

ብዙም ሳይቆይ ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ ዛምቢያም ከእረፍት በፊት ግብ አስቆጠረች። በአሥር ሰው፣ በባከነ ፍፁም ቅጣት ምት፣ በአንድ ግብ ተመርቶ ወደ እረፍት መግባት ምን ያህል እንደሚከብድ ተጫውቶ የማያውቅም ይገምተዋል። ሆኖም ከእረፍት መልስ አዳነ ግርማ አቻ አደረገን፤ ጨዋታውም አንድ እኩል አለቀ። ከዚያ በኋላ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን ወጣን። ሕዝቡ ግን እነዚያን ልጆች በእልልታ ተቀበላቸው።

ልጆቻችን ይህን ምት እንዲያስታውሱት የምንፈልገው ለማሳፈር አይደለም። ምቱን የሳተው ሰው ከሰባት ወር በኋላ ጳጉሜን 2 ቀን 2005 ዓ.ም. ብራዛቪል ላይ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን 2 ለ 1 ስናሸንፍ ከሁለቱ ግቦች አንዷን አስቆጠረ። ያ ድል ለ2014ቱ የብራዚል ዓለም ዋንጫ የመጨረሻው ደርሶ መልስ አደረሰን። በዚያ ደረጃ ከናይጄሪያ ጋር ተጫውተን በሁለቱም ጨዋታ ብንሸነፍም፣ ከዓለም ዋንጫ ይህን ያህል የቀረብንበት ጊዜ አልነበረም። ሰብር ማለት ዝም ብሎ መቀመጥ ይመስላቸዋል ብዙ ሰዎች። ሰብር ከሳትክ በኋላ በሚቀጥለው ጊዜ ኳሷ ስትመጣ እግርህን አለመሰብሰብ ነው።

ከትልቁ ክለብ እስከ መመለሻው

እ.ኤ.አ. በ2014 ሳላዲን ወደ አል አህሊ ተዛወረ። ይህ ክለብ ካፍ የሃያኛው ክፍለ ዘመን የአፍሪካ ምርጥ ክለብ ብሎ የሰየመው ነው። በዓረቡ ዓለም ያለ ልጅ ይህን መለያ መልበስ ይመኛል። እኛም በዓረብኛ የስፖርት ገጾች ላይ የአገራችንን ልጅ ስም ስናነብ ደስ ብሎን ነበር። ነገር ግን ጉዳት ተደጋገመበት፤ የታሰበውን ያህል ሳይጫወት ቀረ። ከዚያ ወደ አልጄሪያው ኤምሲ አልጀር ሄደ፤ በኋላም ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ተመለሰ።

መመለሱን እንደ ውድቀት የሚቆጥሩ አሉ። እኛ አንስማማም። እ.ኤ.አ. በ2017 ቅዱስ ጊዮርጊስ በሆላንዳዊው አሠልጣኝ ማርት ኖይ እየተመራ የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ውስጥ ሲገባና ከኤስፔራንስ፣ ከማሜሎዲ ሰንዳውንስና ከኤኤስ ቪታ ጋር ሲጫወት ሳላዲን በዚያ ቡድን ውስጥ ነበር። ወጥቶ የተማረውን ይዞ የተመለሰ ሰው ለአገሩ ኪሳራ አይደለም።

ከእሱ በኋላም የሄዱ አሉ። ሽመልስ በቀለ በግብፅ በፔትሮጀትና በምስር አል ማቃሳ ለዓመታት ተጫውቶ የሊጉ የታወቀ አማካይ ሆኗል። በዘንድሮ ወጣቶች አፍ የሚነሳው ደግሞ አቡበከር ናስር ነው። በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ለኢትዮጵያ ቡና 29 ግቦች አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን የሰበረ፣ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የደቡብ አፍሪካውን ማሜሎዲ ሰንዳውንስ የተቀላቀለ ልጅ ነው። እሱንም ጉዳት ለረጅም ጊዜ ከሜዳ አርቆታል። ሁለቱንም አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ይህ ነው፤ ችሎታቸው በትልቅ ክለብ ተመሰከረ፣ ሰውነታቸው ግን ፈተናቸው ሆነ። ሰውነት ከአላህ የተሰጠ አማና ነው ስንል በመስጊድ ብቻ የሚነገር ቃል የሚመስለው ሰው የእነዚህን ልጆች ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ይመልከት። የኳስ ተጫዋች እንጀራ በአንዲት ጅማት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

የጾሙ ጉዳይ

አሁን ወደ ልጆቹ ጥያቄ እንመለስ። ሳላዲንም ሆነ ሌላው በሰው አገር እንዴት እንደጾመ አንናገርም፤ ጾም በባሪያና በጌታው መካከል ያለ ነገር ነው። የሚታወቀውን ግን እንናገራለን።

በግብፅ በረመዷን የሊግ ጨዋታዎች ከኢፍጧር በኋላ በማታ ይደረጋሉ። አገሩ ራሱ ከጾመኛው ጋር ሰዓቱን ያስተካክላል። አውሮፓ እንዲህ አይደለም። በአዲስ አበባ ቀንና ሌሊት ብዙ ስለማይበላለጡ ጾማችን ክረምት ከበጋ ከ13 ሰዓት ገደማ ብዙ አይርቅም። በሰሜን አውሮፓ ግን ረመዷን በበጋቸው ሲውል ጾሙ ከ16 ሰዓት በላይ ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 8 ቀን 2019 የሆላንዱ አያክስ በሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ከቶተንሃም ተጫወተ። ሐኪም ዚያሽና ኑሴር መዝራዊ፣ ሁለቱም በሆላንድ ተወልደው ለሞሮኮ የሚጫወቱ፣ ጾመኛ ሆነው ነበር የገቡት። ፀሐይ የጠለቀችው ጨዋታው እየተካሄደ ሳለ ነው፤ በሜዳው ዳር አፈጠሩ። ጥቂት ቆይቶ ዚያሽ ለቡድኑ ሁለተኛውን ግብ አገባ። ልጆቻችን ታሪኩን እዚህ ላይ ማቆም ይወዳሉ። ታሪኩ ግን ይቀጥላል፤ አያክስ በመጨረሻዋ ደቂቃ በገባ ግብ 3 ለ 2 ተሸንፎ ከፍጻሜው ቀረ። ጾም የድል ክታብ አይደለም። የሚጾመው ለአላህ ነው እንጂ ለውጤት አይደለም።

በእንግሊዝም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 በሌስተር ሲቲና በክሪስታል ፓላስ ጨዋታ ላይ የፓላሱ ግብ ጠባቂ የመልስ ምቱን አዘገየ፤ በዚያች ቅጽበት ከሁለቱም ቡድን ያሉ ጾመኞች አፈጠሩ። ግብ ጠባቂው ሙስሊም አልነበረም። የሰው ልጅ መልካምነት ሃይማኖት ሳይጠይቅ እንዲህ ይታያል።

ሕጉ ምን ይላል ለሚሉን፦ መንገደኛ ጾሙን አቆይቶ በኋላ ቀዷ ማውጣት እንደሚችል ሁሉም ይስማማል፤ ተጫዋችም ለጨዋታ ከከተማ ከተማ ሲጓዝ መንገደኛ ነው። በከተማው ሆኖ ስለሚጫወተው ግን ዑለማዎች ተለያይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የጀርመን ሙስሊሞች ማዕከላዊ ምክር ቤት፣ እንጀራው በኳስ የሆነ ሙያተኛ በጨዋታ ወቅት ጾሙን አቆይቶ በኋላ መክፈል ይችላል የሚል አቋም ያዘ። ብዙዎቹ የፊቅህ ሊቃውንት ደግሞ ከባድ ሥራ ያለው ሰው ሌሊት ኒያውን ይዞ፣ ሱሑሩን በልቶ ጾሙን ይጀምር፤ ጉዳት የሚያስከትል ችግር ሲያጋጥመው ይፍታ፣ ቀዷም ያውጣ ይላሉ። እኛ ለሚጠይቁን የምንመልሰው ይህን ሁለተኛውን ነው። በመንደር ሜዳ ለጨዋታ ብቻ ኳስ የሚያባርር ልጅ ግን በሙያተኞቹ ፍርድ ራሱን አይከልል፤ ከኢፍጧር በኋላ ይጫወት። ተራዊሕ እንዳያመልጠው ብቻ ይጠንቀቅ።

ለአባቶች

የሁለተኛው ጥያቄ መልስ አጭር ነው፤ አትስጡ። ምክንያቱን ግን እንዘርዝር፣ «ኢማሙ ከለከለን» ብላችሁ ብቻ እንዳትሄዱ።

አንደኛ፣ ፊፋ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ተጫዋች ከአገር አገር እንዳይዛወር ይከለክላል። ጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች አሉ፤ ለምሳሌ ወላጆቹ ከኳስ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት ወደዚያ አገር ከተዛወሩ። «ልጅህ 15 ዓመቱ ነው፣ አሁን ካልሄደ ያልፈዋል» የሚል ሰው ወይ ሕጉን አያውቅም፣ ወይ እያወቀ ይዋሻችኋል።

ሁለተኛ፣ የተጫዋች ወኪል ለመሆን የፊፋ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከ2023 ጀምሮ ፈቃዱ በፈተና ይሰጣል። ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ስም በፊፋ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። ስልክ የያዘ ልጅ በደቂቃ ውስጥ ሊያጣራው ይችላል። ስሙ የሌለ ሰው ደላላ ነው፤ ወኪል አይደለም።

ሦስተኛ፣ ሕጋዊ ዝውውር በጓዳ አይፈጸምም። ተጫዋች ከአገር አገር ሲዛወር የለቀቀበት አገር ፌዴሬሽን ዓለም አቀፍ የዝውውር ማረጋገጫ መስጠት አለበት፤ ይህም በፊፋ የኮምፒውተር ሥርዓት ያልፋል። ስለዚህ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን የማያውቀው ዝውውር የለም። ጉዞው በቱሪስት ቪዛ ነው፣ ክለቡን እዚያ ስትደርስ ታገኘዋለህ ከተባለ ልጃችሁ የሚደርሰው ሜዳ ላይ ሳይሆን ጎዳና ላይ ነው።

አራተኛ፣ ልጁ በተመዘገበ ክለብ ይጫወት። ፊፋ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ያሠለጠኑት ክለቦች በኋላ ከሚከፈለው የዝውውር ገንዘብ እስከ 5 በመቶ እንዲካፈሉ ይደነግጋል። ይህ የትንሽ ክለብ መብት ነው። መዝገብ የሌለው ልጅ ለራሱም ለሠፈሩም ማስረጃ የለውም።

አምስተኛ፣ ውል ሲመጣ አንብቡት፤ በማታውቁት ቋንቋ ከሆነ አስተርጉሙት። ስለ ጉዳት ምን ይላል? ልጁ ስድስት ወር ቢታመም ደመወዙ ይቀጥላል ወይ? ሕክምናውን ማን ይሸፍናል? የሳላዲንና የአቡበከር ታሪክ የሚያስተምረን ዋናው ጥያቄ ይህ እንደሆነ ነው። በቁርኣን ውስጥ ከሁሉ ረጅሟ አያ ስለ ሰላትም ስለ ጾምም አይደለችም፤ ስለ ብድር ውል አጻጻፍና ስለ ምስክር ነች። ይህን የምናውቅ ሰዎች በልጃችን ጉዳይ በቃል ብቻ መስማማት አይገባንም።

ስድስተኛ፣ ትምህርቱን አያቋርጥ። የኳስ ዕድሜ አጭር ነው፤ በሠላሳዎቹ አጋማሽ ያበቃል። ሊግ ይዘጋል፣ ጅማት ይበጠሳል፣ አሠልጣኝ ይቀየራል። ሦስቱም በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ሊደርሱ እንደሚችሉ አይተናል። ያን ጊዜ ማንበብና መጻፍ፣ ቋንቋና ሙያ ያለው ሰው ይቆማል።

ልጆቻችንን ከሕልማቸው ልናስቀር አንሻም። የአየር ጤና ልጅ አንድ ቀን በካይሮም በአምስተርዳምም ቢጫወት ደስታው የሁላችንም ነው። የምንጠይቀው መንገዱን በአማና እንዲሄድ ነው፤ በእናቱ ወርቅ ሳይሆን በችሎታው፣ በሐሰት ወረቀት ሳይሆን በተጻፈ ውል። ገንዘብ ለደላላ ያዘጋጀ አባት ካለ በዚህ ወር ለልጁ ጫማና ደብተር ይግዛበት፤ የተረፈውን ለጎረቤቱ ኢፍጧር ያውጣው። ያ ገንዘብ በእርግጥ ወደ ቦታው ይደርሳል።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን፣ ልጆቻችንንም ከክፉ ነገር ሁሉ ይጠብቅልን። አሚን።